ምንጣፉ ባያጥር ኖሮ

ባለፈው እሑድ የኮንዶሚኒየማችን ኮሚቴ ቴሌግራም ግሩፑ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። የዘንድሮ ጥምቀት መንገድ ማስጌጥና ምንጣፍ ማንጠፍ «በባለሙያ» ይሠራል ይላል። ከየቤቱ ብር ይሰበሰባል፣ የዲኮር ድርጅት ይቀጠራል። የሰፈሩ ልጆች ካርቶን ይዘው በየብሎኩ እየዞሩ ገንዘብ እንዳይለቅሙም ተከልክሏል። ምክንያቱ? «ለገጽታ»።

ይቺ ገጽታ የምትባል ቃል እኮ ሰላም ነሳችን።

ከማስታወቂያው ሥር ደጋፊው ጎረፈ። መንገድ ይዘጋል ያለ አለ። ጩኸት በዛ ያለም አለ። አንዱ ግን ከሁሉም በለጠ፦ «ይሄ ሥራ ፈት ጎረምሶች የሚያደርጉት ነው፤ ሥራ ያለው ሰው ለዚህ ጊዜ የለውም።» ዐሥራ ስምንት ሰው ላይክ አድርጎለታል። ቆጥሬያለሁ።

እሺ፣ ሥራ ፈቶቹን እንቁጠራቸው። አምና የምንጣፉን ጥቅል ተሸክሞ ከፊት ሲሮጥ የነበረው ልጅ ነርስ ነው። የሌሊት ተረኛ ሆኖ አድሮ፣ ሳይተኛ ነው የመጣው። ከኋላ የሚጠቀልሉት ሁለቱ ኤሌክትሪሻኖች ናቸው፤ መብራቱን ከዛፍ ዛፍ የዘረጉትም እነሱ ናቸው። ቄጠማ ስትጎዘጉዝ የነበረችው ልጅ ባንክ ነው የምትሠራው። አንዱ ሥራ አልነበረውም፣ እውነት ነው። ከጥምቀት ሁለት ሳምንት በኋላ ከኤሌክትሪሻኖቹ አንዱ ይዞት ሄደ፤ ዛሬ አብሮት ገመድ ይስባል። ላይክ ያደረጋችሁት ዐሥራ ስምንታችሁ ስንት ሰው ሥራ አስገብታችኋል?

የመንገዱ ነገር ብዙ አያነጋግርም። ታላቁ ሩጫ ሲሮጥ መንገድ ይዘጋል። የካቲት ላይ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ሲኖር መንገድ ይዘጋል። ያኔ ግሩፑ ላይ የሚያለቅስ አላየሁም። ታቦት ወደ ጥምቀተ ባሕር ወርዶ እስኪመለስ ነው የሚቸኮለው?

አሁን ስለ ምንጣፉ ላውራ። ምንጣፍ አንጥፎ የማያውቅ ሰው ቀላል ይመስለዋል። ምንጣፉ አጭር ነው። ሁሌም አጭር ነው፣ ብሩ አጭር ነዋ። እኛ ያለን ሦስት ጥቅል ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ ጥምቀተ ባሕሩ ግን ሁለት ኪሎ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ታቦቱን የያዙት ካህን ያለፉበትን ከኋላ ትጠቀልላለህ። ትሸከማለህ። ሕዝቡን ሰንጥቀህ ትሮጣለህ። እሳቸው አስፋልቱ ላይ ሳይደርሱ ፊታቸው ትዘረጋለህ። ደግሞ ወደ ኋላ። ሁለት ኪሎ ሜትር ሙሉ እንዲህ ነው። አምስት ሰው አይችለውም። ሠላሳ አርባ ሰው ይፈልጋል፦ እጅ ለእጅ ተያይዞ ሕዝቡን የሚይዝ፣ የሚጠቀልል፣ የሚሸከም፣ የታጠፈውን ጫፍ የሚያቃና፣ ውሃ የሚያቀብል። በዚህ ሩጫ መሃል «አንተ ባለ ቀይ ሹራብ» እያልክ አትዘልቅም። ሁለተኛው ዙር ላይ ስሙን ትጠይቀዋለህ። ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረውን ሰው አራት ዓመት ሙሉ ደረጃ ላይ «ሰላም ነው?» ብቻ ነበር የምለው። ስሙን ያወቅሁት አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ይዘን ስንሮጥ ነው።

የዲኮር ድርጅቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ምንጣፍ አመጣ እንበል። ያነጥፋል፣ ያምራል፣ ፎቶ ይነሣል። ማንም አይሮጥም። ማንም የማንንም ስም አይጠይቅም። እኛ በየበረንዳችን ቆመን እንደ ቴሌቪዥን እናያለን። ምንጣፉ ማጠሩ እኮ ነው ያገናኘን!

እዚህ ግቢ ያሰባሰበን ዕጣ ነው። ካዛንቺስ ያደገ አለ፣ ፒያሳ ያደገ አለ፣ ቤቱ ፈርሶበት የመጣ አለ። በድሮው ሰፈር ሰው የሚተዋወቀው ቦኖ ውሃ ላይ ተሰልፎ፣ አጥር ተጋርቶ፣ በዕድር ነበር። እዚህ ምን አለን? ደረጃና የብረት በር።

አምና ክረምት ብሎክ 9 ላይ ሰው ሞተ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር። ድንኳኑን በዝናብ የተከሉት እነዚያው ምንጣፍ አንጣፊዎች ናቸው። ስልክ የተለዋወጡት ጥምቀት ላይ ነዋ። ኮሚቴው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የሐዘን መግለጫ ለጠፈ። ምንጣፍ አብሮ ያላነጠፈ ሰፈር ቀብርም አብሮ አይወጣም። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ የለኝም፤ ውርርድ ግን እገባለሁ።

«ከየቤቱ» የምትለዋ ነገርስ? ካርቶን ሲዞር የፈለገ ይጥላል፣ ያልፈለገ ፈገግ ብሎ ያልፋል። ብሎክ 3 ያሉት ሙስሊም ጎረቤታችን በየዓመቱ የታሸገ ውሃ ለልጆቹ የሚያወርዱት ማንም ጠይቋቸው አይደለም። አሁን እሳቸውም፣ ጴንጤዋ ጎረቤቴም ለዲኮር ድርጅት በግዴታ ይክፈሉ? ይሄ ነው ሥልጣኔው?

ዩኔስኮ በ2012 ዓ.ም. ጥምቀትን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረ። ደረታችንን ነፍተን ስንሄድ ነበር። እኔ የማይዳሰስ ሲባል ጨረታ የማይወጣበትም መስሎኝ ነበር። በዚያው ዓመት በኮሮና ምክንያት አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ ተዛወረ። ገበያው ለ2013 ጥምቀት ሲነሣ ሜዳው ምን ይመስል እንደነበር ያየ ያውቃል። አካፋና መጥረጊያ ይዞ ከወጣው በጎ ፈቃደኛ መሃል «ሥራ ያለው ሰው ለዚህ ጊዜ የለውም» ያለ አልሰማሁም።

የሌሊቱ ስፒከር ይቀነስ፣ በዚህ እስማማለሁ። ሕፃን አለ፣ በሽተኛ አለ። የካርቶኑ ሒሳብም ግሩፑ ላይ ይለጠፍ። ከዚህ በላይ አልሄድም። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ ይባላል፤ ለጥምቀት ያልሆነ ኮሚቴስ?

ሦስቱም ጥቅል እኔ በረንዳ ላይ ናቸው። ኮሚቴው ከፈለገ መጥቶ ይውሰዳቸው፣ አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ ሊፍት የለም። የከተራ ዕለት፣ ጥር 10፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ብሎክ 11 ሥር እንገናኝ። ጓንት ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ አምና እጃችን ተልጧል።