ሰባት ቤት ለሙሽራ፣ አንድ ጎጆ ለውሻ

ሰሞኑን በጎንደር ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞረውን ማስታወቂያ ያላየ ያለ አይመስልም። «ንጹህ ፖይንተር! አባትና እናቱ የአንድ እናት ልጆች፣ ደሙ ያልተቀየጠ፣ ጀግና፤ ቢቆነጥጡት አይጮህም!» ፖይንተር የአደን ውሻ ዘር ነው፤ ከስር የ5 ወር ቡችላ ፎቶ አለ። የፊት እግሩ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ስለ ጨርቁ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም የጠየቀው ዋጋውን ነው።

ለእንዲህ ያለ አርቢ እጅ እንነሳለን። ጎንደር ዘር መቁጠር ታውቃለች፤ ልጅ ሲዳር ሽማግሌ ተቀምጦ እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል። ስድስተኛው ላይ አንዲት የጋራ ቅድመ አያት ብቅ ካለች ድግሱ ይቀራል፣ ጠላው ለጎረቤት ይታደላል። አርቢያችን ግን ይህን ሁሉ ድካም አስቀርቶልናል። እስቲ ማራኪ ሰፈር ካለ አንድ ግቢ ሽማግሌዎቹን እናስቀምጣቸው።

«የሙሽራው አባት ማን ይባላል?»
«ቦቢ።»
«የሙሽሪትስ?»
«ቦቢ።»
«ደግ፣ ሞክሼዎች ናቸው። የሙሽራው አያት፣ በእናቱ በኩል?»
«ቦቢ።»
«የሙሽሪትስ አያት?»
«እሱው ነው፣ አባቴ።»
«ለመሆኑ ይሄ ቦቢ ስንት ነው?»
«አንድ ነው። ያውና፣ በሩ ላይ የታሰረው።»

ሽማግሌው ሰባቱንም ቤት ቢያንኳኩ የሚከፍትላቸው ቦቢ ነው። ዋስ ጥሩ ቢባል ቦቢ፣ ምስክር ቢባል ቦቢ። ጥሎሹን ይዞ የሚመጣው ቦቢ፣ «ይሄማ አነሰ» ብሎ የሚያኮርፈውም ቦቢ። አማት ቦቢ፣ አማች ቦቢ፤ የሚዜነቱ ነገር ለጊዜው ይቆየን። በመጨረሻ «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ተብሎ ይመረቃል፤ ቦቢም አሜን ይላል።

ታዲያ ከዚህ ሰርግ «ጀግና» ቢወለድ ምን ይደንቃል? በፖይንተር፣ በስፕሪንገር ስፓንያልና በፈረንሳይ ስፓንያል የውሻ ዘሮች የሚታወቀው፣ መዳፍ ላይ ህመም እንዳይሰማ የሚያደርገው የስሜት ነርቭ በሽታ የሚመጣው ቡችላው የተበላሸውን የጂን ቅጂ ከአባቱም ከእናቱም ሲወርስ ነው። አንድ ቅጂ ብቻ የያዘው ተሸካሚ ይሮጣል፣ ይበላል፣ በመልኩ አይታወቅም። ሁለት ተሸካሚዎች ሲገናኙ በአማካይ ከ4 ቡችላ 1 ይታመማል፣ 2 ተሸካሚ ይሆናሉ፣ 1 ነጻ ይወጣል። «ወንድምና እህቱ እኮ ጤነኞች ናቸው» ለሚል ሊቅም ስሌት አለን፦ የታመመ ቡችላ ጤነኛ መሳይ ወንድም ተሸካሚ የመሆን ዕድሉ ከ3 2 ነው፣ የእህቱም እንዲሁ። ሁለቱን ያጋቡና ከሚወለዱት ከ9 1 ይታመማል። ለንጽህናው ሲባል መቼም።

በሽታው ከ3 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ ብቅ ይላል። የእንቅስቃሴ ነርቮች ደህና ናቸው፤ የጎደሉት ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ባሉት ቋጠሮዎች ውስጥ ስሜት የሚያቀብሉት ህዋሳት ናቸው። ስለዚህ ቡችላው መዳፉን ይልሳል፣ ያኝካል፣ ጥፍሩ ይወልቃል፣ ጣቱ ይቆረጣል፣ አጥንቱ ይመረቅዛል፤ በዚያው እግር ደግሞ ሳያነክስ ይሮጣል። «አይ ጥንካሬ!» ይባልለታል።

ጥንካሬ አይደለም! የገዛ ጣቱን እየበላ ያለ ቡችላ ነው። እግሩ ፍም ላይ ቢያርፍ አያውቅም። ይህንን እያየ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ «አይጮህም» ብሎ ዋጋ የሚጨምር ሰው አርቢ አይባልም።

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። የሰፈሩ ሐኪሞች አይዘነጉም። አንዱ «ጥርስ እያወጣ ነው» ይላል፤ ሌላው «ካልሲየም አንሶት ነው» ብሎ የእንቁላል ቅርፊት ይወቅጣል፤ ሦስተኛው የተቃጠለ ዘይት ይቀባል፤ አራተኛው እንዳይነክሰው በርበሬ ይነሰንሳል፣ ማቃጠሉ የማይሰማው እግር ላይ። አምስተኛው «አብዷል» ብሎ ድንጋይ ያነሳል። ከአምስቱ ለእውነት የቀረበው እሱ ነው፤ ድንጋዩን ትቶ ቢያስረውና የእንስሳት ሐኪም ቢጠራ። እብድ ውሻም ራሱን ሊነክስ ይችላል። ጠባዩ የተለወጠ፣ ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ አፍ ውስጥ እጅ አይገባም። ግን የእብደት ምልክት ያሳየ ውሻ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ይሞታል። የእኛ «ጀግና» እየበላና እየተጫወተ ሁለት ወር ጣቱን ሲያኝክ ከቆየ ነገሩ ሌላ ነው።

ሐኪሙ የጣቱን ሥር በመቆንጠጫ ይዞ የሚያየው እግሩን ሳይሆን ፊቱን ነው። እግር መሳብ ከአከርካሪው የሚመጣ ድንገቴ ምላሽ ሊሆን ይችላል፤ ህመሙ አንጎል መድረሱ የሚታወቀው ቡችላው ዞሮ ሲያይ፣ ሲጮህ ወይም ሊነክስ ሲል ነው። ከዚያ ጭኑን ይቆነጥጣል፤ እዚያ ጮኾ ጣቱ ላይ ዝም ካለ ወሬው አልቋል። ቦርደር ኮሊ የሚባለው የእረኛ ውሻ ዘርም ተመሳሳይ በሽታ አለው፤ ለእሱ ሌላ ፈተና አለ፦ ሆዱን ደግፎ መዳፉን ገልብጦ መሬት ላይ ማስቀመጥ። ጤነኛው ወዲያው ይመልሰዋል፣ የታመመው እንደተገለበጠ ይቆማል። የቦርደር ኮሊው ጂን የተለየ ነው፤ ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2016 ታውቀዋል። ምርመራውም ጉንጭን በጥጥ ጠርጎ ናሙናውን ወደ ውጭ ላቦራቶሪ መላክ ነው። ቡችላን ከውጭ ማስመጣት ያላቃተው ሰው ጥጥ መላክ እንዴት እንደሚከብደው አይጠየቅም።

ማዳኛ የለውም። 9 ግራም ጨው በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጦ ቁስሉን ማጠብ፣ አፉ እግሩ ጋ እንዳይደርስ የፕላስቲክ አንገትጌ ማጥለቅ፣ ፋሻውን በየቀኑ መቀየር ነው። ፋሻው ከጠበቀ እግሩ ይበሰብሳል፤ ጀግናው አይነግራችሁማ። ብዙዎቹ መጨረሻቸው በሐኪም መርፌ ማረፍ ነው። ወላጆቹም ዳግም ለእርባታ አይውሉም።

ማስታወቂያው ትናንት ታድሷል። «በብዙዎች ጥያቄ አባትና እናቱ ድጋሚ ተገናኝተዋል። ቀድመው ይመዝገቡ፣ 63 ቀን ብቻ ይጠብቁ።»