ያችን ሁለት ደቂቃ ለልጁ መተው ነበረባቸው

ኦሃዮ ውስጥ ኦገስት ከገባ ወሬው ሁሉ ኳርተርባክ ነው፤ በአሜሪካ ፉትቦል ማጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች። ስራ ቦታ፣ ፀጉር ቤት፣ ነዳጅ ማደያ፣ የትም ብትሄዱ። እኔ የምኖረው ኮሎምበስ ነው። እዚህ አንዱ የክሊቭላንድ ብራውንስ ደጋፊ ነው፣ ሌላው የሲንሲናቲ ቤንግልስ። እኔ ከብራውንስ ወገን ነኝ። ስለዚህ በ2025 ፕሪሲዝን፣ ማለትም ከዋናው ውድድር በፊት ባሉት የዝግጅት ጨዋታዎች፣ በወጣቱ የብራውንስ ኳርተርባክ በሼዱር ሳንደርስ ላይ የተነሳው ክርክር ለእኔ የሩቅ ሰው ወሬ አልነበረም። ዛሬም ድረስ አንድ ነገር ከሆዴ አልወጣልኝም።

ነገሩን ላልተከታተለ ባጭሩ ላስረዳ። ሼዱር የዲዮን ሳንደርስ ልጅ ነው። አባቱ በአሜሪካ ፉትቦል ታሪክ ስማቸው ከማይረሳ ተጫዋቾች አንዱ ነው። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲም የልጁ አሰልጣኝ ነበር። ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት ድራፍት ላይ ሼዱር በመጀመሪያው ዙር ይወሰዳል ብሎ የጠበቀው ሰው ብዙ ነበር። አልሆነም። እስከ አምስተኛው ዙር ወረደ። በመጨረሻ 144ኛ ሆኖ ብራውንስ መረጠው። ያውም በሦስተኛው ዙር ዲለን ጌብሪየል የሚባል ሌላ ኳርተርባክ ከወሰደ በኋላ።

ከዚያ ፕሪሲዝኑ መጣ። ኦገስት 8 ከካሮላይና ፓንተርስ ጋር በነበረው ጨዋታ ከፊቱ ያሉት ኳርተርባኮች ከፊሎቹ ተጎድተዋል፣ አንጋፋው ጆ ፍላኮ ደግሞ እንዲያርፍ ተደርጓል። ሼዱር በቋሚነት ተሰለፈ። 23 ጊዜ ወርውሮ 14ቱ ለጓደኞቹ እጅ ደረሱ። በውርወራው ቡድኑን 138 ያርድ ወደፊት ወሰደ፣ ሁለት ተችዳውንም አገኘ፤ ተችዳውን ኳሱን ይዞ የተጋጣሚው ሜዳ መጨረሻ ውስጥ መግባት ነው። ብራውንስ 30 ለ10 አሸነፈ። በማግስቱ ደጋፊው "አሁኑኑ ቋሚ ይሁን" ማለት ጀመረ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። ኦገስት 23 ከሎስ አንጀለስ ራምስ ጋር በሁለተኛው አጋማሽ ገባ። ከስድስት ውርወራ ሦስት ብቻ ተሳካለት፣ 14 ያርድ። አምስት ጊዜ ኳሱን እንደያዘ መሬት ላይ ተጣለ። ይሄ ሳክ የሚባለው ነው። በሳክ ብቻ ቡድኑ 41 ያርድ ወደ ኋላ ሄደ። አሁን ደግሞ "አላልናችሁም!" የሚለው ወገን ተነሳ።

የብራውንስን ደጋፊ ግን አትፍረዱበት። ክለቡ ለመጨረሻ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው በ1964 ነው። የዓመቱ የፍጻሜ ጨዋታ የሆነው ሱፐር ቦውል ላይ አንድም ቀን ደርሶ አያውቅም። በ1999 እንደገና ከተቋቋመ ወዲህ ከ40 በላይ ሰዎች በኳርተርባክነት ተሰልፈውለታል። አስቡት፣ ልጅ ተወልዶ እስኪዳር ድረስ አንድ ቋሚ ሰው ያልተገኘበት ቦታ ነው። እንዲህ የተጠማ ሰው ከሩቅ የሚያብረቀርቀው ሁሉ ውሃ ቢመስለው አይገርምም። እኔም ያን የፓንተርስ ጨዋታ ሳይ ልቤ ዘሎ ነበር።

ግን ደግሞ የተቃጠልነውም እኛው ነን። በ2017 ኦገስት ዲሾን ካይዘር የሚባል ወጣት ኒው ኦርሊንስ ሴይንትስን በመጨረሻው ሩብ በ45 ያርድ ተችዳውን አሸነፈልን። ከተማው አበደ። ካይዘር ቋሚ ሆነ። ብራውንስ ያን ዓመት አራቱንም የፕሪሲዝን ጨዋታዎች አሸንፎ ነበር። ዋናው ውድድር ሲጀመር ግን 16 ተጫውቶ 16ቱንም ተሸነፈ። ካይዘር በ15ቱ ተሰልፎ አንድም አላሸነፈም፣ 22 ጊዜም ኳስ ተነጠቀ። በ2008 ዲትሮይት ላየንስ ላይም የደረሰው ይኸው ነው፤ በፕሪሲዝኑ አራት ለዜሮ፣ በዋናው ዜሮ ለ16።

ተቃራኒውንም ኮሎምበስ ውስጥ ያለ ሰው በደንብ ያውቀዋል። ሲጄ ስትራውድ እዚሁ ኦሃዮ ስቴት ሲጫወት ያየነው ልጅ ነው። በ2023 ለሂውስተን ቴክሳንስ በመጀመሪያው የፕሪሲዝን ጨዋታው አራት ወርውሮ ሁለቱን አሳካ፣ 13 ያርድ፣ አንድ ኳስ ተነጠቀ። "ተሳስተው ነው የመረጡት" የሚል ጩኸት ወዲያው ተነሳ። ያው ልጅ በዋናው ውድድር ከ4,100 ያርድ በላይ ወረወረ፣ የተነጠቀው አምስት ኳስ ብቻ ነበር፣ የዓመቱ ምርጥ አዲስ የማጥቃት ተጫዋች ተባለ።

ታዲያ ፕሪሲዝን ምንም አይነግረንም ማለቴ አይደለም። ይነግረናል፤ የምናየው ግን ሌላ ነው። ቡድኖች በዝግጅት ጊዜ እስከ 90 ተጫዋች ይይዛሉ፣ በኦገስት መጨረሻ ወደ 53 ይቀንሳሉ። በሁለተኛው አጋማሽ ሜዳ ላይ ከምታዩት ውስጥ ብዙው በሴፕቴምበር እዚያ የለም። ስለዚህ ተችዳውኑም ሳኩም ማን ላይ፣ ከማን ጋር ሆኖ መጣ ብሎ መጠየቅ የግድ ነው። ውጤቱን ትታችሁ እግሩን እዩ። ዓይኑን እዩ። ኳርተርባክ ኳሱን ከተቀበለ በኋላ ያለው ጊዜ ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው። በዚያች ቅጽበት አምስት ግዙፍ ሰዎች ከፊቱ ቆመው ይከላከሉለታል፣ እሱ ደግሞ አንደኛውን ተቀባይ አይቶ፣ ካልሆነ ሁለተኛውን አይቶ መወርወር አለበት።

በዚህ ዓይን ካያችሁት የራምሱ ጨዋታ ሁለቱም ወገን የያዘው እውነት አለው። ከፊቱ የቆሙት ተጠባባቂዎች ነበሩ፣ ግድግዳው ይፈርስ ነበር። ይሄ የእሱ ጥፋት አይደለም። ሼዱር ግን ኳስ ያዘገያል። ወደፊት መግባት ሲገባው ወደ ኋላ ይሸሻል። ይሄ ያን ቀን የጀመረ ጠባይ አይደለም፤ በኮሎራዶ በሁለት ዓመት ውስጥ 94 ጊዜ ሳክ ሆኗል። እዚያም ግድግዳው ደካማ ነበር፣ እዚያም ያዘገይ ነበር። እኔ እወደዋለሁ፣ ይሄንን ግን አልክድም።

ያስከፋኝ የክርክሩ ቃና ነው። አባቱን የማይወድ ሰው ልጁ መሬት ላይ በወደቀ ቁጥር ያጨበጭባል። አባቱን የሚወድ ሰው ደግሞ በልጁ አንዲት እንከን መስማት አይፈልግም። መሀል ላይ የነበረው የ23 ዓመት ወጣት ነው፣ የሚማር ልጅ። ስለ አጨዋወቱ የሚያወራ ሰው እስኪጠፋ ድረስ ስለ ስሙ ተወራ። አገር ቤትም የምናውቀው ነገር ነው። የአርሰናል ወይም የማንቸስተር አዲስ ልጅ በዝግጅት ጨዋታ ሲሳሳት ከልምምዱ ይልቅ የተገዛበት ዋጋ ይነሳበታል።

አሁን ከሆዴ ወዳልወጣው ነገር ልምጣ። የራምሱ ጨዋታ ሊያልቅ ሁለት ደቂቃ ገደማ ሲቀረው ብራውንስ ኳሱን አገኘ። ሜዳውን አቋርጦ ነጥብ ማግባት አለበት፣ ሰዓቱ እየሮጠ ነው። የያኔው አሰልጣኝ ኬቨን ስቴፋንስኪ ሼዱርን አስቀመጡና ሌላውን ኳርተርባክ ታይለር ሃንትሊን አስገቡ። ሃንትሊ ቡድኑን ወደፊት ወሰደ፣ በመጨረሻው ቅጽበት የተመታችው ኳስ ገባች፣ 19 ለ17 አሸነፍን። በጥቂት ቀን ውስጥ ሃንትሊ ተሰናበተ።

ይሄ ልክ አልነበረም ብዬ ከልቤ አምናለሁ። ያ ጨዋታ አይቆጠርም። ድሉ ሠንጠረዥ ላይ አይጻፍም። የሁለት ደቂቃ ማጥቃት ግን በልምምድ ሜዳ በቀላሉ የማይገኝ ትምህርት ነው፤ ተመልካች አለ፣ የሚመጣብህ ሰው የምር ይመታሃል፣ ሰዓቱ አይቆምም። ልጁ አምስት ጊዜ ተጥሏል፣ ስድስተኛ ተጥሎ እንዳይጎዳ ነው የሚል ሰው አጋጥሞኛል። ክርክሩን አልንቀውም፣ ልጅን መጠበቅ ተገቢ ነው። ግን ለመጠበቅ ከሆነ ቀደም ብሎ ይወጣል። አራት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ እስኪወድቅ ተትቶ ትምህርቱ ሲመጣ መቀመጥ ምን ይባላል? ቢያበላሸውስ? ያበላሽ። ፕሪሲዝን የተሠራው እንዲበላሽበት ነው።

እኛ ደጋፊዎች ደግሞ ይሄንን አልተከራከርንም። "ፈርቶ አወጣው"፣ "አይችልም"፣ "ሆን ብለው ሊያጠፉት ነው" ስንባባል ሳምንቱ አለቀ። ምን ሊማር ነበር ብሎ የጠየቀ ትንሽ ነው።

ውድድሩ ተጀመረ። ፍላኮ ጀመረ፣ በኦክቶበር ወደ ቤንግልስ ተላለፈ። በፍላኮ ቦታ ጌብሪየል ገባ። ኖቬምበር 23 ሼዱር በላስ ቬጋስ ለመጀመሪያ ጊዜ ቋሚ ሆኖ ሬደርስን 24 ለ10 አሸነፈ። በሊጉ የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ያለ የብራውንስ ኳርተርባክ ቋሚ ሆኖ የጀመረበትን የመጀመሪያ ጨዋታ ሲያሸንፍ ከ1995 ወዲህ የመጀመሪያው ነው። ደስ ብሎኛል። ያን ቀን የእኛ ተከላካዮች የሬደርሱን ጂኖ ስሚዝ አስር ጊዜ እንደጣሉት ግን አልረሳሁም።

እኔ የማስበው ከዚያ በፊት ስለነበረው ሳምንት ነው። ኖቬምበር 16፣ ከባልቲሞር ሬቨንስ ጋር። ጌብሪየል ጭንቅላቱን ተመትቶ ሲወጣ ሼዱር ከእረፍት በኋላ ገባ። ከ16 ውርወራ አራት ብቻ ተሳካለት። እንደዚያም ሆኖ በመጨረሻው ሰዓት 23 ለ16 እየተመራን ኳሱ በእጁ ነበር። አንድ ተችዳውን እንፈልጋለን፣ ሰዓቱ ይሮጣል፣ ስታዲየሙ ቆሟል። ኳሱን ይዞ ወደፊት ገፋ፣ እስከ መጨረሻው ግን አልደረሰም። ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ ሳየው የኦገስት 23ቱ ሁለት ደቂቃ ትዝ አለኝ።