የመተማ ተወላጅ ማን ነው?

ክርክሩ የተነሣው ጎንደር ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ሥር፣ በሦስተኛው ቀን ነው። ሟቹ ከሠላሳ ዓመት በላይ በኢትዮጵያና በሱዳን ድንበር ባለችው መተማ ላይ ሰሊጥ ሲያለማና ሲነግድ የኖረ ሰው ሲሆን፣ አስከሬኑ ለቀብር ወደ ትውልድ ቦታው መጥቶ ነበር። ጡረታ የወጡ አንድ የታሪክ መምህር ለእንግዶች የሟቹን ሕይወት ሲያወሱ «የመተማ ተወላጅ ባይሆንም መተማን እንደ ተወላጅ የሚወድ ሰው ነበር» አሉ። አጠገባቸው የተቀመጠው፣ ለብዙ ዓመታት ከጎንደር ሱዳን ውስጥ እስካለችው ገዳሪፍ ድረስ የጭነት መኪና የነዳ ሰው፣ ወደ አፉ ያስጠጋውን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለሰና «መምህር፣ መተማ ደግሞ ተወላጅ አላት እንዴ? እኔ እዚያ የማውቀው ሰው ሁሉ ወይ አባቱ ወይ አያቱ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው» አላቸው።

መምህሩ አልተቆጡም፤ ነገሩን ግን ቀላል አድርገው አላዩትም። አገር የማን እንደሆነች የሚታወቀው በተከፈለባት ዋጋ ነው ብለው ጀመሩ። የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በጥር 1879 ዓ.ም. መተማ ላይ የደርቡሽን፣ ማለትም ሱዳን ውስጥ የተነሣውን የማህዲን ተከታዮች፣ ጦር ድል እንዳደረጉ፣ በዓመቱ ደግሞ ደርቡሾች ሳር ውሃ በተባለ ቦታ የንጉሡን ሠራዊት ሰብረው ጎንደር ድረስ በመዝለቅ አብያተ ክርስቲያናቱን እንዳቃጠሉ ተረኩ። ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በእሾህ አጥር የታጠረውን የደርቡሾች ምሽግ ሰብረው ድሉ በእጃቸው ሊገባ ሲል በጥይት እንደቆሰሉ፣ በማግሥቱም እንዳረፉ፣ አስከሬናቸውም አትባራ ወንዝ አካባቢ በጠላት እጅ ወድቆ ራሳቸው ተቆርጦ ወደ ደርቡሾች መቀመጫ ኦምዱርማን እንደተላከ ሲናገሩ ድምፃቸው በጣም ዝቅ አለ። ዘግይቶ የገባ እንግዳ ቢኖር ኖሮ የሚለቀሰው ለንጉሡ ይመስለው ነበር። «ከተማይቱ ዛሬ መተማ ዮሐንስ የምትባለው በከንቱ አይደለም» ሲሉ ደመደሙ።

ሾፌሩ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ሰምቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፦ «ደርቡሾቹስ እዚያ ምን ይጠብቁ ነበር?» መልሱን ራሱ ሰጠ። ይጠብቁ የነበረው ገበያ ነው። የደጋው ቡና፣ ሰም፣ ማርና ቆዳ ወደ ታች፣ የቆላው ጥጥና ከሱዳን የሚመጣው ሸቀጥ ወደ ላይ የሚተላለፍበት በር ነበር። ገበያውን ያቀኑት ደግሞ ተክሩሮች ናቸው፤ ከዳርፉርና ከዚያም ምዕራብ ካሉ አገሮች ወደ መካ ለሐጅ ተነሥተው፣ በመመለሻቸው እዚህ ቆላ ቀርተው መንደር የመሠረቱ ሙስሊሞች። ይህን ሾፌሩ የሰማው ድንበር ማዶ ጋላባት ላይ ከአንድ ሽማግሌ ነበር፤ ሽማግሌው ግን አልዋሹትም። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም. በዚያ ሲያልፍ ያገኛቸው እነዚህኑ ተክሩሮች ሲሆን፣ ለኢትዮጵያም፣ ያኔ ሱዳንን ትገዛ ለነበረችው ለግብፅም እንደሚገብሩ ጽፏል።

መምህሩ ይህችን አልለቀቋትም። «ለሁለት ጌታ የሚገብር የማንም አይደለም» አሉ። ሾፌሩም «ሁለት ጊዜ ግብር የከፈለ ሰው አንድ ጊዜ ከከፈለው ያነሰ መብት አለው ማለት ነው?» ሲል መለሰላቸው፤ ለቅሶ ቤት መሆኑ እስኪረሳ ድረስ ተሳቀ። ከዚያ በኋላ መምህሩ ያደረጉት ነገር ለእኔ ከሁሉ የሚበልጥ ነበር፤ የራሳቸውን ክርክር የሚያላላ ማስረጃ ራሳቸው አመጡ። የማህዲ እንቅስቃሴ ሲነሣ ሳሊህ ሻንቃ የተባለው የተክሩር አለቃ ሙስሊም ሆኖ ሳለ ከደርቡሾች ጋር እንዳልቆመ፣ በጋላባት ከተከበቡት የግብፅ ወታደሮች ጋር ሆኖ እንደተከላከለና ወደ ኢትዮጵያ ወገን እንደተጠጋ ገለጹ።

በመካከል አንድ እንግዳ «መተማ» የሚለው ስም «መተማመን» ከሚለው ቃል የመጣ ሳይሆን አይቀርም አለ፤ መምህሩም በሱዳን፣ በዓባይ ዳር ከሸንዲ ትይዩ፣ ሌላ መተማ እንዳለች ጠቅሰው በትሕትና አስቆሙት። ሌላው ደግሞ በ1933 ዓ.ም. ሕንዳውያን ወታደሮች በእንግሊዝ አዛዥ ሥር ጋላባትን ከጣሊያን ቢያስለቅቁም መተማን መያዝ አቅቷቸው እንደተመለሱ አነሣ፤ ወሬው ግን በዚያው ቀረ፤ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ሾፌሩን ነበርና። እርሱም የድንበሩ ድልድይ ላይ ወረቀት ሲጠብቅ ያየውን ነገረን። በመተማና በጋላባት መካከል ያለው ወሰን በበጋ የሚደርቅ ጅረት ነው። ከጅረቱ ዳር ዝንጅብል የገባበት ቡና የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ ገንዘቡን በዓረብኛ ትቆጥራለች፣ ልጇን በአማርኛ ትቆጣለች፣ ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የወረዱት የወቅት ሠራተኞች፣ ሳሉጎች፣ ሲመጡ ደግሞ እንደ እነርሱ አነጋገር ታወራለች። «የየት ናት ብዬ ጠይቄያት አላውቅም፤ ቡናዋን ነው የምጠይቃት» አለ።

ይህን ጊዜ የሟቹ የእኅት ልጅ፣ ሕግ የተማረ ወጣት፣ ከኋላ ብድግ ብሎ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሁላችሁም የምትቆጥሩት የመጡትን ነው። የነበሩትስ?» አለ። ጉሙዞች የዚያ ቆላ ነባር ሕዝብ እንደሆኑ፣ ከደጋም ከሱዳንም የሚመጣ ባሪያ ፈንጋይ ሲያሳድዳቸው እንደኖረ፣ ሾፌሩ ያሞገሰው ገበያም ከቡናውና ከሰሙ ጎን ሰው ይሸጥበት እንደነበር አስታወሰ። ከዚያም በ1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዞች የወሰን ውል ሲዋዋሉ፣ በተከታዩም ዓመት እንግሊዛዊው ሻለቃ ግዊን መስመሩን እየዞረ ሲያመለክት፣ ጅረቱ አገር እንዲለይ ከሁለቱ ዳር ነዋሪዎች ፈቃድ እንዳልተጠየቀ አከለ። መምህሩም ሾፌሩም መልስ አልነበራቸውም። ሾፌሩ ንፍሮውን እንደገና አነሣ።

እኔ በዚያ ቀን ዝም ብዬ ነበር፤ ፍርዴን የማስቀምጠው አሁን ነው። ለመተማ መኖር ምክንያቱን በትክክል የተናገረው ሾፌሩ ነው። ገበያው ባይኖር ምሽግ አይኖርም፤ ምሽግ ባይኖር ንጉሥ አይሞትባትም። መምህሩም የደጋ ሰው ስሟን ለምን እንደማይረሳው በሚገባ አስረድተዋል፤ የከተማይቱን ታሪክ ከውጊያው መጀመራቸው ግን ስሕተት ነው። ውጊያው ከተማይቱ ካረጀች በኋላ የደረሰባት ነገር እንጂ ልደቷ አይደለም። ወጣቱ ያነሣው ከሁሉም ይከብዳል፤ የገበያው ታሪክ ሲጻፍ የተሸጡት ከሻጮቹ እኩል ካልተጻፉ ሾፌሩ ያሞገሰው አብሮ መኖር ግማሹ ብቻ ይሆናልና።

«ተወላጅ» የሚለውን ቃል በተመለከተ ግን ከመምህሩ ጋር አልስማማም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ያንን ድልድይ ከሱዳናውያን ጋር ከተሻገሩት መካከል ብዙ ዓመት እዚያ የኖሩ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ተክሩሮቹም ከሐጅ ሲመለሱ፣ ሟቹም ሰሊጥ ሊዘራ ከጎንደር ሲወርድ፣ የመጡት እንዲሁ በመንገድ ነው። ሟቹ ሠላሳ ዓመት ያረሰባትና ሒሳቡን በሁለት ቋንቋ ይቆጥርባት የነበረች ከተማ ልጅ አይደለም ከተባለ፣ ሳሊህ ሻንቃም አይደለም። እኔ ብጠየቅ በዚያ ድንኳን የመተማ ሰው ነበር እል ነበር፤ «ባይሆንም» የሚለውን አልጨምርበትም።