እርማት፦ «ለ20 ዓመት የተፈተነ» ማለት ዋስትና አይደለም

ወንድሜ፣ «ሚለ የተባለው የጀርመን ልብስ ማጠቢያ ማሽን የ20 ዓመት ዋስትና ስላለው እጥፍ ቢከፈልበትም ያዋጣል» ያልኸው ብዙ ሰው የሚደግመው ስሕተት ነው። አምራቹ የሚናገረው ማሽኖቹን ከ20 ዓመት አገልግሎት ጋር በሚመጣጠን መጠን እንደሚፈትን ነው። ዋስትናው ሌላ ጉዳይ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በመደበኛነት 1 ዓመት ብቻ ነው።

ፈተናው የሚለካው በሰዓት ነው፦ በሳምንት 5 እጥበት፣ እያንዳንዱ 2 ሰዓት ገደማ፣ በ20 ዓመት ወደ 10,000 ሰዓት። ልጆች በሞሉበት ቤት በቀን ሁለቴ ከታጠበ ይኸው ሰዓት 7 ዓመት ሳይሞላ ያልቃል። ብቻውን ኖሮ በሳምንት ሁለቴ የሚያጥብ ሰው ደግሞ በስሌት 48 ዓመት ይደርሰዋል፤ የበሩ ጎማ ግን ያን ያህል አይጠብቀውም!

ይልቅ ሻጩን ስለ ኩሽኔታው፣ ማለትም ልብሱ የሚገባበት ከበሮ ተደግፎ ስለሚሽከረከርበት ክፍል፣ ጠይቀው። በብዙ ርካሽ ማሽኖች ከበሮውንና ኩሽኔታውን የሚይዘው ገንዳ ተበይዶ የተዘጋ ፕላስቲክ ነው። ኩሽኔታው አልቆ ማሽኑ ሲጨምቅ እንደ ወፍጮ ማጓራት ከጀመረ ገንዳው በሙሉ መቀየር አለበት፤ ሰውም ሂሳቡን ሰምቶ ማሽኑን ይጥለዋል። እኔ ተጨማሪ ገንዘብ የምከፍለው ተፈትቶ ለሚጠገን ገንዳ ነው፤ እሱንም መለዋወጫውና ጠጋኙ በቅርብ ካሉ።