እጁ የተፈታ እንግዳ

ሰው ቤት ባዶ እጅ አይኬድም። ይህን ባህል ሳይሸራርፍ ያቆየልን የጣና የእሁድ ጎብኚ ነው። ከባሕር ዳር ጀልባ ሲሳፈር ሃይላንዱን፣ ብስኩቱን፣ ማስቲካውን በፌስታል ሞልቶ ነው። ሲመለስ ፌስታሉ እንኳ የለም። ሁሉንም ለሐይቁ ሰጥቶ መጥቷል።

አሰጣጡን ላየው ደግሞ ያስቀናል። የመጨረሻዋን ጉንጭ ይጠጣል። ክዳኑን አጥብቆ ይከድናል፤ እንዳይሰምጥበት ተጨንቆ መሆን አለበት። ከዚያ ወሬውን ሳያቋርጥ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ወርወር! ልጁ አፍጥጦ ካየው «ሐይቁ ሰፊ ነው» ይለዋል። እውነቱን ነው። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ገና ብዙ ሃይላንድ ይችላል።

መነኮሳቱ ግን ሥልጣኔ አልገባቸውም። በሐይቁ ዳር ያለውን የገዳማት ልሳነ ምድር፣ ዘጌን እዩ። በሬ ጠምዶ ማረስ፣ ከብት ማርባት ለዘመናት ተከልክሎ ኖረ። ይኸው ጫካው አልመነጠር፣ ከጥላው ሥር ያለው ቡናም አልነቀል ብሎ ቀረ። ሰው የሚመጣው ይህንኑ ጫካና የገዳማቱን ሥዕል ፍለጋ ነው፣ የባለ ጀልባውና የአስጎብኚው እንጀራም ከዚያ ነው የሚሉ ነገረኞች አይጠፉም። ተዋቸው።

ታንኳም ያው ናት። ከደንገል ትሠራለች፣ ታገለግላለች፣ ስታረጅ ትበሰብሳለች። ምንም ቅርስ አታስቀርም። የእኛ ሃይላንድ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ለእንስሳትም ፍቅራችን ልዩ ነው። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ጉማሬ ብቅ ሲል «ጠጋ በልማ፣ ፎቶ!» ብለን ባለ ጀልባውን እንለምናለን። ሞተሩ ያጓራል። ጉማሬው ውሃ ውስጥ ይገባል። ዓይን አፋር ነው መሰለኝ።

ደግሞ ተቆርቋሪ የለም እንዳትሉ። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ ባዮስፌር ሪዘርቭነት፣ ማለትም ሰውና ተፈጥሮ ተስማምተው እንዲኖሩበት በሚጠበቅ ስፍራነት፣ የተመዘገበ ሐይቅ ነው፤ ስብሰባ አያጣም። ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል የግንዛቤ ማስጨበጫ ይዘጋጃል። እያንዳንዱ ተሰብሳቢ ፊት ሁለት ሁለት ሃይላንድ ይደረደራል። ገበሬው ውሃ ውስጥ ቆሞ ሐይቁን የወረረውን የእምቦጭ አረም በእጁ ሲነቅል የሚያሳይ ፎቶ በፕሮጀክተር ይታያል። ይጨበጨባል። ሻይ ይጠጣል። አበል ይፈረማል። ከሰዓት በኋላ የመስክ ምልከታ አለ፤ በጀልባ፣ የተረፈው ሃይላንድ ተይዞ።

እዚያ ስብሰባ ላይ አንዱ እጁን አውጥቶ «ይዘን የሄድነውን ቆሻሻ ይዘን ብንመለስስ?» ቢል መድረክ መሪው ምን እንደሚመልስለት አውቃለሁ።

«በጣም ጥሩ አስተያየት ነው፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ይያዝልን። አሁን ግን ጀልባው እየጠበቀን ስለሆነ፣ ውኃችሁን እየያዛችሁ...»