ቅባትና የስኳር ሕመምተኛ ዓይን፤ ለጽሑፉ አንድ ማረሚያ

ስለ ስኳር ሕመምተኞች የደም ቅባትና ዓይን የተጻፈ አንድ ጽሑፍ «ኮሌስትሮል ከፍ ካለ ዓይን ይጠፋል» ማለቱ ነገሩን በጣም አቅልሎታል። የሬቲናን (ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የኋላ ሽፋን) ደም ሥሮች በዋናነት የሚጎዳው ለዓመታት ከፍ ብሎ የቆየ ስኳርና የደም ግፊት ነው። ቅባቱ የሚታየው የተጎዱት ሥሮች ማፍሰስ ሲጀምሩ ነው፤ ሐኪሙ ቢጫማ፣ ጠርዛቸው የለየ ነጠብጣቦች ያያል። አጥርቶ ማየት በሚያስችለው የሬቲና መካከለኛ ክፍል፣ ማኩላ ላይ ከተከማቹ ማንበብ ይቸግራል።

የላብራቶሪ ወረቀት ላይ ያለው ኤልዲኤል («መጥፎ» የሚባለው ኮሌስትሮል) አብዛኛውን ጊዜ ተለክቶ ሳይሆን ተሰልቶ የመጣ ነው፦ ከጠቅላላው ኮሌስትሮል ላይ ኤችዲኤል («ጥሩ» የሚባለው ኮሌስትሮል) እና የትራይግሊሰራይድ (ሌላው የደም ቅባት ዓይነት) አንድ አምስተኛ ይቀነሳል። ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሚሊግራም በዴሲሊትር ካለፈ ስሌቱ አይታመንም፤ ስኳሩ ባልተስተካከለ ሰው ደግሞ እንዲህ መናሩ ብርቅ አይደለም። ያኔ ከጠቅላላው ኤችዲኤልን ብቻ ቀንሶ ቀሪውን ማየት ይሻላል፤ ለምሳሌ 240 ሲቀነስ 40፣ 200 ማለት ነው። በጾም ሥጋና ቅቤ ቀረ ተብሎም አይታለፍ፤ እንጀራውና ስኳር የበዛበት ሻይ ካልቀነሱ ትራይግሊሰራይድ አይወርድም።

የደም ቅባት መቀነሻ መድኃኒት የሆነውን ፌኖፋይብሬትን በተመለከተ፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመው «ፊልድ» (FIELD) የተባለው ጥናት ውጤት መድኃኒቱ ለሬቲና የሌዘር ሕክምና የሚያስፈልጋቸውን ሰዎች እንደቀነሰ አሳይቷል። የሚገርመው ጥቅሙ ከደም ቅባቱ መጠን ጋር እምብዛም አልተያያዘም። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን የኩላሊትን አሠራር የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ ክሬአቲኒንን ሳይመረመር መድኃኒቱን አይጀምር።

ቅባቱ ጥሩ ወጣ ብሎ የዓይን ምርመራን መተው ስህተት ነው። ዓይነት ሁለት ስኳር እንደታወቀ ወዲያው፣ ከዚያም በየዓመቱ ብሌን በጠብታ ተከፍቶ መታየት አለበት። ጠብታው ለሰዓታት ብዥ ስለሚያደርግ፣ ከኮምቦልቻ ደሴ ለምርመራ የምትመጡ ስትመለሱ የሐረጎን ተራራ መንገድ ቁልቁል የሚነዳላችሁ ሰው ይዛችሁ ኑ።