ይድረስ ለክቡር ቆርኪ

ጉዳዩ፦ ዘመዶችዎ ከሣር ሥር እንዲለቁልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣ ዝገቱ እንዴት ይዞዎታል? እኔ በእርስዎ ምክንያት ደህና አይደለሁም።

ባለፈው እሑድ ከአያት ሰፈር ወዲያ ባለ አንድ መናፈሻ ዲቴክተሬን፣ ማለትም ከአፈር ሥር ብረት የሚፈልገውን ማሽኔን፣ ሣሩ ላይ ሳወዛውዝ ማሽኑ ጮኸ። ጥርት ያለ፣ የብር ድምፅ! ተንበረከክሁ። ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ መጥተው ነበርና ሚዜዎቹ ከበቡኝ። ቪዲዮ ቀራጩ ሙሽራዋን ትቶ ካሜራውን ወደ እኔ አዞረ። አንድ አባት «ቀስ በል ልጄ፣ ጠገራ እንዳትቧጭር» አሉ። ጠገራ ብር (የማሪያ ቴሬዛዋ) መቼም ይመታ መቼ 1780 ነው የሚለው፤ ዓመቱን ገና ሳላየው አነበብኩት።

አፈሩን ስገልጥ እርስዎ። ጥርስዎን አግጠው፣ 21ዱንም።

አንዱ ሚዜ «ብራዘር፣ ገልብጠው እስቲ፣ 'እንደገና ይሞክሩ' ይላል?» አለኝ። ሙሽራዋ ሳትቀር ሳቀች።

ጥበቃው ግን አልሳቀም። ፈቃድ ጠየቀኝ። ፈቃዱን በቃል የሰጡኝ ኃላፊ ስብሰባ ላይ ናቸው (የት ይሆናሉ ታዲያ!)። ቢሮ ተወሰድን፣ እኔና እርስዎ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በድንገት የተገኘ ቅርስ ለመንግሥት መታወቅ አለበት ተባለና ቅጽ ወጣ። የዕቃው ዓይነት፦ ቆርኪ። ብዛት፦ 1። ይዞታ፦ የዛገ። ፈረምኩ። ኮፒ አምጣ ተባልኩ፤ መብራት የለም። እርስዎ በፖስታ ታሽገው ማኅተም ተመታብዎ። እኔ «ከወረዳ ደብዳቤ አጽፍ» ተብዬ ወጣሁ።

ማሽኑን አልወቅስም። አፈር ሥር ያለውን አያይም፤ ብረቱ የሚመልሰውን ምልክት ብቻ ነው የሚሰማው። እርስዎ ደግሞ ክብና ጠፍጣፋ ነዎትና ሳንቲም መስለው ይመልሱለታል። ማስመሰል ድሮም ነበር። የ1936ቷ ስሙኒ ክብ ሆና ስለወጣች፣ ብር እየተቀባች ሃምሳ ሳንቲም ነኝ ትል ነበር። ጠርዟን አበባ አደረጉላትና ነገሩ አለቀ። የእርስዎ ጠርዝ ከፋብሪካው ጀምሮ ጥርስ ነው፣ ምን ይደረግልዎ?

 

አንቱታው እዚህ ላይ ይቅር። አንተን የጣለህ ሰውዬ ቢራውን በሳጥን ሲያስገባ ማን ፈቃድ ጠየቀው? ጠርሙሱን ቆጥሮ ይመልሳል፤ ማስያዣ አለበታ! አንተን ግን በጫማው ሣሩ ውስጥ ይጠቀጥቅሃል። ሕፃናት በባዶ እግር ይሮጡበታል። ማንም ምንም አይለውም። እኔ አንድ ቆርኪ ባነሳ ቦርሳዬ ሰው ፊት ተዘረገፈ። መሐረቤ ሳይቀር ተራገፈ። ሌባ ነው የተባልኩት፣ በቆሻሻ!

ወደ አንቱታው ልመለስ፤ ማመልከቻ ነውና። ሣር ሥር የቀሩት ዘመዶችዎ በአስቸኳይ እንዲለቁልኝ እየጠየቅሁ፣ መሄጃ ካጡ እርስዎ ፖስታው ውስጥ ቦታ እንዲያጋሯቸው እጠቁማለሁ።

ከማይገባዎ ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለጠርሙስ መክፈቻ
በጥርሳቸው ለሚከፍቱም ጭምር